ወዲያ የተቆጠረ ወዲያ ይቀበር

ወንድ ሲሰበሰብ እፈራለሁ። ጅብ እንኳ ሲሰበሰብ የሚበላውን ያውቃል። የኛዎቹ ግን ያን ቀን ሾላው ሥር ሲቀመጡ ማንን እንደሚበሉ አያውቁም ነበር። ይህን ስናገር ባሌ ኑርሁሴን ጓዳ ተቀምጦ ይሰማኛል። ይስማ።

እኔ አስያ ነኝ። አገሬ ሾላ ውሃ ትባላለች፤ ከመካነ ሰላም በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ናት። መኻሏን ወንዝ ያልፍባታል፤ በጋ ዶሮ ይሻገረዋል፣ ክረምት በሬ ይወስዳል። ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ እንባባላለን እንጂ ቅሬያችን አንድ ነበር። ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ እኛ አገር ሰውን ሰው የሚያሰኘው ነው። ጡሩምባ ሲነፋ እስላሙም ክርስቲያኑም ዶማውን ይዞ ይወጣል። ሸህ ሲሞት ክርስቲያን ጉድጓድ ይምሳል፤ ቄስ ሲሞት እስላም ሬሳ ይሸከማል። ምጥ የጠናባትን ሴት ወሳንሳ ላይ አስተኝቶ፣ ያንን ዳገት ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበለ፣ አምቡላንስ እስከሚደርስበት መንገድ የሚያወጣትም ቅሬው ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ የሞተ ነው፤ ሲሞትም የሚያነሳው የለም። የእስላሙ መቃብርም የማርያም ቤተ ክርስቲያንም ያሉት ወዲህ ማዶ፣ እኛ ዘንድ ነው። የቅሬው ዳኛ ደግሞ ባሌ ነው።

ሀይፋ ልጃችን ናት፤ ሌላ አላህ አልሰጠንም። ወዲያ ማዶ ኸባብ ለሚባል ልጅ ዳርናት። ደሴ ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ ወደ አባቱ እርሻ የተመለሰ፣ አፉ የማያርፍ፣ ልቡ ግን ደግ ልጅ ነው። ቤቷ ከደጃፌ ይታያል፤ ልብስ ስታሰጣ አያታለሁ። ዘንድሮ ምርጫው ሲቃረብ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው። እኔ እሷን ስወልድ አምጬ አምጬ ጉልበቴ አልቆ፣ ቅሬው በወሳንሳ ባያወጣኝ ኖሮ ሁለታችንም አፈር ነበርን። እናቴም እኔን ስትወልድ እንደዚያው ሆና ነበር አሉ። ስለዚህ አገሩ ሁሉ ስለ ምርጫ ሲያወራ እኔ የማስበው ወሳንሳውን ነበር።

ነገሩ መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ፓርቲዎቹን በስማቸው የሚጠራ የለም፤ ስማቸው ረጅም ነው፣ ተጠርቶም አያልቅ። በምልክታቸው ነው የምንጠራቸው፤ ማረሻና ጃንጥላ። ማረሻ ፌዴራሉ እንዳለ ይቆይ ይላል፣ ጃንጥላ ደግሞ ፈርሶ እንደገና ይሠራ ይላል። እኔ ፌዴራል ሲባል ትዝ የሚለኝ አቧራ እያስነሳ የሚያልፍ መኪና ነው። ወንዶቹ ግን ጫታቸውን ይዘው ሲከራከሩ ሚኒስትር ነው የሚመስሉት።

«ማረሻ ይዘህ ዝናብ ላይ ቁም እንግዲህ» ይላል አንዱ።

«አንተም ጃንጥላህን ጥመድና እረስበት» ይላል ሌላው።

እኛም እንስቃለን። ሰው እየሳቀ የተጣላበት አገር አይቼ አላውቅምና አልሰጋሁም።

ከዚያ ከምርጫ ነው የመጣን የሚሉ ሰዎች መጡ። ጫማቸው ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ ሾላው ሥር ደረሱና ሕዝቡን ሰበሰቡ። የምርጫ ክልሎች ወሰን ይጠና ተብሏል፣ ወዲያ ማዶ ያላችሁት መካነ ሰላም ካለችበት ከቦረና ወጥታችሁ ከጎረቤታችሁ ከከላላ ጋር ብትቆጠሩ ምን ይመስላችኋል፣ ተወያዩና አስተያየታችሁን እንሰማለን ብለው ቀጠሮ ሰጥተው ሄዱ። እነሱ ሄዱ፤ ነገሩ እኛው ላይ ቀረ።

የውይይቱ ቀን እኛ ሴቶቹ ዳር ይዘን ተቀምጠናል። መጀመሪያ የተነሳው ኸባብ ነው።

«የምርጫ ክልል የሚቆረጠው በሰው ብዛት ነው» አለ። «ከቦረና ጋር ስንቆጠር እኛ ማን ነን? ድምፃችን ከከተማው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ይቀራል። ከላላ በኩል ግን ሰዉ እኩል ለሁለት የተከፈለ ነው። እኛ ያዘነበልንለት ፓርላማ ይገባል። ያኔ ተመራጩ ፈልጎን ይመጣል፤ ይህ ወንዝ ድልድይ የሚያገኘውም ያኔ ነው።»

የወዲያ ማዶ ሰዎች አጨበጨቡ። እውነቱን ልናገርና ነገሩ ለኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ድልድይ ማን ይጠላል?

ኑርሁሴን ሽማግሌ ነውና ተቀምጦ ተናገረ። «ልጄ፣ ገበያችን መካነ ሰላም፣ ግብራችን መካነ ሰላም፣ ሐኪማችን መካነ ሰላም። ፓርላማ የላክሁት ሰው ቢዋሸኝ እጅጌውን የምይዘው እዚያ ገበያ መኻል ነው። ከላላ ሄጄ የማንን እጅጌ እይዛለሁ?»

ይህም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ተናግረው እዚያ ላይ ቢያበቁ ምን ነበረበት? ኸባብ ግን አፉ አያርፍም ብያለሁ።

«እርስዎ የላኩትን ሰው እጅጌ ይዘው ያውቃሉ?» አለው። «ማረሻዎ ይህን ሁሉ ዘመን አርሶ ምን አበቀለልን?»

 አማች አማቱን ሰው መኻል እንዲህ አይናገርም። ሀይፋ ከጎኔ ነበረች፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ያኔ አምባቸው ተነሳ። አምባቸው ክርስቲያን ነው፣ የቅሬው ምክትል ዳኛ፣ የባሌ የልብ ወዳጅ። አንዱ ካልበላ ሌላው የማይበላ ሰዎች ናቸው። ለወዳጁ ተቆርቁሮ ነው የተነሳው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እኔም እሱን ረግሜ በወጣልኝ።

«ወዲያ መቆጠር ካማራችሁ መልካም» አለ ጋቢውን እያጣፋ። «ወዲያ የተቆጠረ ወዲያ ይቀበር።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ከወዲያ ማዶ አንዱ «አፈር የናንተ ብቻ ነው እንዴ፣ እንቀበራለን» አለ። ሌላው ከሐዲ አለ፣ ሌላው ሆዳም አለ። ማረሻና ጃንጥላው ተረሳ፤ የድሮ የመስኖ ጠብ፣ የድሮ የድንበር ጠብ ሁሉ እየተነሳ መጣ። በዚህ መኻል ከኋላ አንድ ድምፅ «ዳኛው ለምን አይናገርም? ልጁ ወዲያ ናት፤ እሱማ እንዴት ይፈርዳል?» አለ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ባውቀው ኖሮ ደጁ ሄጄ የማደርገውን አውቅ ነበር።

ኑርሁሴን ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሳ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«እኔ ፍርድ ላይ ልጅ የለኝም» አለ።

ከዚያ ተማማሉ። እኛ አገር መሐላ እንዲጠና ሲፈለግ ሰው በራሱ አይምልም፤ በጎረቤቱ ይምላል። የራሱን ፈጣሪ ምሕረት ቢጠይቀው ይምረዋል፤ የጎረቤቱን ግን አስደፍሮ በምን ዓይኑ ያየዋል? ስለዚህ ክርስቲያኖቹ እስላሙ መቃብር ውስጥ ባረፉት በታላቁ ሸህ ቀብር ማሉ፤ እስላሞቹ በማርያም ማሉ። ከወዲያ ማዶ ለሞተ ዶማ አላነሳም፣ ለታመመ ወሳንሳ አልሸከምም እያሉ። አንደኛ የማለው ባሌ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ አምባቸው።

እኔም ተነሳሁ። ሰው ፊት ባሌን አንቱ ነው የምለው። «ልጅዎ ምጥ ሲይዛት ማን እንደሚሸከማት አሁኑኑ ይንገሩኝ» አልሁት።

«አስያ፣ ተቀመጪ» አለኝ። 

ብዙም አልቆየ፣ ከምርጫ የመጡት ሰዎች በቀጠሯቸው ተመለሱ። ለዚህ ምርጫ የሚቀየር የለም፣ ሁላችሁም እንደ ድሯችሁ ከቦረና ጋር ናችሁ፣ ለወደፊቱ ይታያል፣ ስለ ተሳትፏችሁ እናመሰግናለን ብለው ሄዱ። አጃኢብ ነው። ምስጋናቸውን ምን እናድርገው? እኔ ግን ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እየሮጥሁ ቤቴ ገባሁ።

«እንግዲህ ነገሩ ሞቷል፤ መሐላችሁን አንሱት» አልሁት። ቤት ስንገባ አንተ ነው የምለው። «ወሰኑ ካልተቀየረ እናንተ የማላችሁት በምኑ ላይ ነው?»

«ወሰኑ ቢቀየር ብለን አልማልንም» አለ። «ዝም ብለን ነው የማልን።»

«ዝም ብሎ የማለ ዝም ብሎ ይተወዋላ።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል አልሰማሽም?»

ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ሽማግሌ ሁሉ ይለዋል፤ የሚለው ግን ልጁ ደጁ ቁጭ ብላለት ነው። «አንተ ተናገርህ፤ የወለድሁት ግን እኔ ነኝ» አልሁት። ያን ቀን ራቱን አልበላም፤ እኔም ብላ አላልሁትም።

በማግስቱ ሸህ ሙእሚን ዘንድ ሄድሁ። ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው አባት ናቸው። «ሸህዬ፣ የመሐላውን ከፋራ ይንገሩኝ፤ ጦሙን እኔ ልጡምለት» አልኋቸው።

ሸሁ ነገሩን እስከ ጫፉ ሰምተው ተቆጡ። «በአላህ ምለው ቢሆን ከፋራ አለው» አሉኝ። «ድሃ ያበላሉ፣ ያጣም ይጦማል፣ ያልቃል። ከአላህ ሌላ በሆነ መማል ግን ከመነሻው ነውር ነው። መሐላ ያልሆነውን በምን ልፍታልሽ? ጌታቸውን ተውባ ይጠይቁ፣ ዶማቸውን ያንሱ፣ በቃ። ይህንኑ ንገሪው።»

ነገርሁት። 

«ሸሁ ልክ ናቸው» አለ። «በአላህ ቢሆን ጦሜ እፈታው ነበር። ግን በማርያም ምዬ እኔ ቀድሜ ባፈርስ አምባቸው ምን ይለኛል? እስላም ስለሆነ ማርያምን ናቃት አይልም? ክርስቲያኑ ሁሉ ምን ይላል? አምባቸው ይቅደም፤ እሱ በተነሳበት ቅጽበት እነሳለሁ።»

አምባቸው ቤት ሄድሁ። ሚስቱ ብዙዬ ባልንጀራዬ ናት፤ ከጎኔ ተቀመጠች። አምባቸው ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

«ቄስ ዋለም ነግረውኛል» አለ። «ንስሐ ግባና ተወው ብለውኛል። እኔም መተዉን ጠልቼ አይደለም። ግን በታላቁ ሸህ ቀብር የማልሁት ሰው ቀድሜ ባፈርስ ኑርሁሴን ሸሁን ደፈረ አይለኝም? እሱ ይቅደምና እኔ እከተለዋለሁ።»

«እሱም እርስዎ ይቅደሙ ነው የሚለው» አልሁት።

«እንግዲያ እስኪሆንለት እንጠብቀዋለን» አለ።

ብዙዬ ደጅ ድረስ ሸኘችኝ። «እነዚህ ሰዎች በመከባበር ይፈጁናል» አለችኝ። እሷ ስትቀልድ እንኳ ፊቷ አይፈታም፤ ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም።

ሴት መቼም ሌላ መንገድ አታጣም። ወንዙን ተሻግሬ ሀይፋን ልውሰዳት አልሁ። እናቷ ቤት ብትተኛ ምጥ ቢይዛት ዳገቱ ሥር ናት፣ ወዲህ ማዶ ናት፣ መሐላውም አይነካት። እኔ አልማልሁምና መሻገሬን የሚከለክለኝ የለም። ኸባብ እጄን ስሞ ተቀበለኝ፤ ነገሩን ስነግረው ግን ደረቀ።

«አባቷ ሰው መኻል ልጅ የለኝም ብለዋል» አለ። «ልጅ የለኝም ያለ ሰው ቤት ሚስቴን አልልክም። የኛ ሰዎች ይሸከሟታል።»

«የናንተ ሰዎች እነማን ናቸው? ጎበዙ ግማሹ ሳዑዲ፣ ግማሹ አዲስ አበባ አይደለም እንዴ ያለው?»

«ምርጫው ይለፍና እኔው መካነ ሰላም እወስዳታለሁ፤ ሐኪም አጠገብ ቆይታ ትወልዳለች። አሁን መሄድ አልችልም፤ የጃንጥላ ታዛቢ ነኝ።»

ሀይፋ በባሏና በአባቷ መኻል ምን ትበል? «አብሽሪ እማ፣ ጥቂት ቀን ነው» አለችኝ። ተመልሼ ስሻገር ውሃው ጉልበቴ ደርሶ ነበር፤ ሰኔ ገብቷል።

የምርጫው ቀን ሁለቱም ማዶ የመረጠው አንድ ቦታ ነው፣ ወዲህ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት። ወሰን ያሉት ነገር ይህንን ያህል ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰላምታ ግን የለም። እኛ አገር እንዴት አደርሽ፣ ልጆችሽ ደህና፣ ከብቶችሽ ደህና ሳይባል የሚያልፍ ሰው አይታወቅም። ያን ቀን አንዱ የሌላውን ጀርባ እያየ ዝም ብሎ ቆመ። 

ሀይፋ ከኋላ ተሰልፋ ነበር፤ ሄጄ እጇን ያዝሁ። እጇ አብጧል፤ ቀለበቷን በጨርቅ ቋጥራ ይዛዋለች። ፊቷም አብጧል።

«ምን ሆነሻል?»

«ራሴን ያመኛል እማ። ዓይኔም ጨለም ይልብኛል።»

«ዛሬውኑ ሂጂ። አሁን፣ ከዚሁ። በበቅሎ ትሄጃለሽ።»

«ኸባብ ቆጠራውን ሳያይ አይለቁትም። ጠዋት እንሄዳለን ብሏል።»

ኑርሁሴን ከፊት ቆሞ ነበር። ሄጄ ጆሮው ሥር ነገርሁት። ዞሮ አያት። እሷም አየችውና እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው፤ እሱ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ያንን አንገት ልነቅለው ነበር። ድምፅ መስጫው ውስጥ ስገባ ወረቀቱ ላይ ማረሻውም ጃንጥላውም አለ። አንዱንም አልነካሁ፤ ባዶውን አጥፌ ከተትሁት።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጎሕ ሲቀድ ከወዲያ ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ስሟን ነው የሚጠሩት። ምጡ ከመጣ በኋላ ሰውነቷ እየተንቀጠቀጠ፣ አረፋ እየደፈቀች አልነቃ ብላለች አሉ። ወንዙ ዳር ስደርስ ወሳንሳውን ይዘው ወርደዋል። ኸባብና ጥቂት ሰዎች፣ ያውም አንዱ ሽማግሌ አጎቱ። ውሃው ወገባቸው እየደረሰ ወሳንሳውን ከራሳቸው በላይ አድርገው ሲሻገሩ ወዲህ ማዶ ያለው ወንድ ሁሉ ወጥቶ ሾላው ሥር ቆሞ ነበር። ጡሩምባ አልተነፋም፤ እንዲሁ ነው የወጡት። ሰው ሲጮህ አለመውጣት አይችሉም፤ ወጥተው ግን ቆሙ።

ኸባብ ወሳንሳውን ዳር ላይ አሳረፈ።  ዳገቱ ገና ነው። ማንንም አልለመነም፤ እሱም የራሱ ኩራት አለው። እኔ ግን ኩራት የለኝም፤ ባሌ ፊት ሄጄ ተንበረከክሁ።

«አፈር ልሁንልህ፣ ተነስ» አልሁት። ሰው ፊት መሆኑንም ረሳሁት።

እሱ እኔን አያይም፤ አምባቸውን ነው የሚያየው። አምባቸው ደግሞ እሱን ያያል። «እሱ ካነሳ አነሳለሁ» አለኝ ኑርሁሴን። ወላሂ የሁለቱንም ፊት አየሁ። ሁለቱም መነሳት ፈልገዋል። ሁለቱም የሚጠብቁት ሌላውን ነው። ዞር ብዬ ሌሎቹን አየሁ፤ እነሱ ደግሞ ዳኞቹን ይጠብቃሉ።

ብዙዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የባሏን ፊት አልፋ ሄደችና የወሳንሳውን አንድ ጫፍ ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከሷ ቀጥሎ እኔ ገባሁ። ከዚያ ሌሎች ሴቶች መጡ፤ እስላሟም ክርስቲያኗም፣ አንዷ ልጇን እንዳዘለች። እኛ አገር ሴት ወሳንሳ አትሸከምም። የወንድ ነውር ነው፤ ከዚያ የባሰ ነውር የለም። ዳገቱ ጭቃ ነው፤ አንድ ስንራመድ ግማሹን እንንሸራተታለን። ኸባብ ከፊት ሆኖ ይጎትታል። እኔ እጇን ይዣለሁ። «አብሽሪ ሀይፋ፣ ደረስን፣ መንገዱ ያ ነው» እላታለሁ፤ መንገዱ ግን አይታይም፣ ጉም ነው።

ዳገቱ ወገብ ላይ እጇ ከበደኝ። ለማንም አልተናገርሁም። ከተናገርሁ ያወርዷታል፤ ካወረዷት ያበቃል ብዬ ዝም ብዬ ተሸከምሁ። ብዙዬ ፊቴን አይታ አወቀች። እሷም ዝም ብላ ተሸከመች። ሕፃኑም ከሷ ጋር ሄደ፤ ወንድ ይሁን ሴት አላየሁትም።

ያኔ ከኋላችን የእግር ድምፅ መጣ። ወንዶቹ ናቸው፣ ሁሉም፣ እየሮጡ፣ እየወደቁ። ኑርሁሴንና አምባቸው ጎን ለጎን ከፊት ናቸው። ሴቶች ሲሸከሙ ማየት አልቻሉም፤ የትኛው ቀድሞ እንደተነሳ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

«ስጡን፣ ስጡን» አለ ኑርሁሴን እጁን ዘርግቶ።

«ሞታለች» አልሁት።

አምባቸው ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ኑርሁሴን እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ቆይቶ ኢና ሊላሂ አለና ወደ መቃብሩ እያየ፣ ለወንዶቹ እንደ ወትሮው በዳኛ ድምፅ ማዘዝ ጀመረ። እናንተ ሂዱና ቆፍሩ፣ እናቴ ጎን ይሁን አለ።

«የለም» አለ ኸባብ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። «የማላችሁትን ጠብቁ። ሚስቴን እኔ እቀብራለሁ።» ወሳንሳውን አዙሮ ቁልቁል ወረደ። የሱ ሰዎችም እኛ ሴቶቹም ተከተልነው፤ ሬሳ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወዲያ ማዶ መቃብር ኖሮ አያውቅም። እርሻው ዳር፣ ገና ያልታረሰች ጠርዝ ላይ መቆፈር ጀመሩ። ሸህ ሙእሚን በሽማግሌ ጉልበታቸው ተደግፈው ተሻገሩ። እኛ ሴቶቹ ቤት ውስጥ አጠብናት፤ ከፈንናት። ወንዶቹ ሰገዱባት። ሴት ቀብር ላይ አትቆምምና እኔ ከደጃፉ ቆሜ አየሁ።

ኑርሁሴን ዶማውን ይዞ ተከትሎ ተሻግሯል። ካፖርቱ እስከ ደረቱ ርሷል። ወደ ጉድጓዱ ሲጠጋ ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልሰደበውም። ዝም ብለው አልተላወሱለትም። በዚህ ሲዞር ጀርባ ነው፣ በዚያ ሲዞር ጀርባ ነው። ሴት ልጅን ጉድጓድ ውስጥ የሚያወርዳት የገዛ ዘመዷ ነው፤ ሸህ ሙእሚን «አባቷ አለ፣ አባቷ ይግባ» አሉ። ኸባብ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ቀና አላለም። እጁን ለአጎቱ ዘረጋ፤ አጎቱ ገባ። ሸሁ ተናግረው አልደገሙም።

አምባቸውና የወዲህ ማዶ ሰዎች ወንዙን አልተሻገሩም። ዳሩ ላይ ተደርድረው ቆመው ያዩ ነበር። የምርጫው ውጤት በዚያው ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነበር አሉ። ያሸነፈውን እኔ አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም የለም።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ያገሩን ሰው ሲቀብር የኖረ ነው። ከቀብር ሲመጣ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ። አፈሩ እጁ ላይ፣ ጥፍሩ ውስጥ፣ ዶማው አንገት ላይ ደርቆ ነው የሚመጣው፤ እኔ ነኝ የማስለቅቀው። ያን ቀን ከሱ ቀድሜ ተሻግሬ ቤቴ ገብቼ ነበር፤ እጄ በልማዱ ውሃውን በጣሳ ቀድቶ አቅርቧል። ገባና ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ዶማውን አየሁት፤ ወንዙ አጥቦታል፣ ይብለጨለጫል።

«አንድ እፍኝ አፈር እንኳ አላስነኩኝም፣ አስያ» አለኝ።

እግሩን ዘርግቶ ጠበቀኝ። ጣሳውን አነሳሁና ውሃውን ደጅ ደፋሁት።